አንዴ ብቻ ይጠይቃል

የብርድ ቀን ጥሩንባ ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ተነፋ። መተሃራ ሊተኛ ነበር። ሌሊቱን ሲሠራ፣ ሲገበያይ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲያመላልስ ያደረ ሰው ምድር ቤቱ ገብቶ ፍራሽ የሚያነጥፍበት ሰዓት ነው። ጥሩንባው ሦስቴ ከተነፋ ቀኑ ከሠላሳ ዲግሪ አያልፍም ማለት ነው። ሦስቴ ተነፋ። ሰዉም ፍራሹን ትቶ፣ ከሻንጣ ሥር ሹራብና ጋቢ እየጎተተ፣ ቀን የሚባለውን ነገር በዓይኑ ሊያይ ደጅ ወጣ። ሃያ ስድስት ዲግሪ ነበር፤ ሰዉ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

አምና እንዲህ ያለ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር። ዘንድሮ ጥር ሊያልቅ ነው፣ ይሄ ገና ሦስተኛው ነው። ልጆች ደመናውን እያዩ ይስቃሉ፤ አንዳንዶቹ ደመናን በቀን ብርሃን ያዩት ገና ያን ዕለት ነው።

ሜላት አልሳቀችም። የጫማዋን ክር ሁለቴ ቋጥራ አሰረች። ዕድሜዋ ስልሳ አንድ ነው፤ አሥራ ዘጠኙን ዓመት የውሃ ጣቢያዎችን ማጣሪያ ስታጥብ ኖራለች። ከእሷ ጋር አንድ ምድር ቤት ይተኙ የነበሩ ሦስት ጎረቤቶቿ አምና ግንቦት ላይ፣ መብራት በጠፋበት ቀን፣ እንደተኙ ቀሩ። እሷን ያተረፋት በሩ ሥር መተኛቷ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም። የማቀዝቀዣውን ድምፅ ስታዳምጥ ትውላለች፤ ድምፁ ትንሽ ሲሰበር ነፍሷ ልትወጣ ትደርሳለች። አንድ በጋ ደግማ እዚያ ጉድጓድ ከዋለች ወጥታ እንደማታመሽ ታውቃለች።

መውጫ አንድ ነበራት። ልጇ ዘለቀ ፈንታሌ ተራራ ጫፍ ላይ፣ ደመናውን በሚከታተሉት ሠራተኞች ሰፈር ውስጥ ይኖራል። እዚያ አየሩ ደህና ነው፣ ቤቱም መስታወት ነው፣ ሰው ቀን ነቅቶ ይውላል። የዛሬ ሁለት ዓመት ተመድቦ ሲሄድ፣ ያኔ ለቤተሰብ ቦታ ሞልቶ በነበረበት ጊዜ፣ «እማዬ፣ አብረሽን ትኖሪያለሽ?» ብሏት ነበር። እሷም «ኧረ ምን ልሠራ እዚያ ጫፍ ላይ፣ እናንተው ኑሩ» አለችው። እንዲህ ያለችው ሊለምናት ነው ብላ ነው እንጂ የእውነቷን አልነበረም። የራሷ እናት እኮ አንዲት ሌሊት እንድታድር ሦስት ቀን ትለመን ነበር። ዘለቀ «እሺ» አለና ሄደ። የዛሬ ልጆች ማሽን ነው ያሳደጋቸው፤ አይ ካልሻቸው አይ ነው፣ ከዚያ በኋላ አፋቸውን በመጥረቢያ ብትፈልጪው ሁለተኛ አይጠይቁም። ክፋት የለባቸውም፣ እንዲያውም ሐሳብሽን ማክበራቸው ነው።

አሁን ዘለቀ ወንድ ልጅ ወልዷል። ደንቡ ደግሞ ለአንድ አራስ ቤት አንድ አያት ይላል። ልጁ በተወለደ በአርባ ቀን ውስጥ፣ አያቲቱ ራሷ ጫፍ ድረስ ወጥታ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በገዛ አፏ እሺ ማለት አለባት። ያ ማክሰኞ ሠላሳ ስምንተኛው ቀን ነበር። በገመድ ተንጠልጥሎ ተራራውን የሚወጣው መኪና ለሠራተኛ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው በእግሩ ነው የሚወጣው፣ እሱም በብርድ ቀን ብቻ። ሜላት ሠላሳ ስምንት ቀን ሙሉ ሌላ አልሠራችም፣ አንዲት ቃል ስትለማመድ ነው የከረመችው። አዎ። ልጄ ሆይ፣ አዎ። ገና ጥያቄው ከአፉ ሳያልቅ፣ አዎ።

ከተራራው ግርጌ ያለው በር ላይ ስትደርስ ሶልያና ቀድማ ቆማ ነበር።

ሶልያና የምራቷ የበለጡ እናት ናት። በዚያ ዘመን የቅድመ አያት ስም ተመልሶ መጥቶ ነበርና ልጆቹ ዘለቀና በለጡ፣ እናቶቹ ሜላትና ሶልያና ናቸው። ሁለቱ በስክሪን ካልሆነ በአካል ተያይተው አያውቁም። ሶልያና ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ጉንጯ ላይ ማዲያት ያላት ሴት ናት፤ ሌሊቱን ከወለንጪቲ በአውቶቡስ ስትጓዝ አድራለች። ተሳሳሙ፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። «አራስ ልጠይቅ ብዬ እንጂ እግሬስ አላስወጣ ብሎኝ ነበር» አለች ሶልያና። ሜላትም ለአራስ ጥየቃ ብላ እንደመጣች ነገረቻት። ጀርባቸው ላይ የያዙት ጓዝ ግን ለአራስ ገንፎ ዱቄት ትንሽ ይበዛ ነበር።

መንገዱ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ይወጣል። ድሮ ግራር የነበረበት ቦታ ላይ ደርቀው የቆሙ ግንዶች አሉ። ወፍ የለም፣ ዝንብም የለም። ግራና ቀኙ ላይ ደግሞ የድንጋይ ክምሮች አሉ፤ ቀኑ ሳይታሰብ የተመለሰባቸው ሰዎች ናቸው። ቀኑ ተመለሰ የሚባለው ደመናው ተገፎ ሙቀቱ ሲመጣ ነው። ክምሮቹ አናት ላይ የሟቾቹ የእጅ አምባር ታስሯል፤ የአንዳንዱ እስከ ዛሬ አረንጓዴ ያበራል፣ ባለቤቱ ደህና ነው ማለቱ ነው። ሶልያና ባለፈች ቁጥር ነፍስ ይማር ትላለች። ሜላት ወደ ላይ ወደ ደመናው ነበር የምታየው፤ ዓይኗን ከነቀለች የሚገፈፍ ይመስላታል።

አንደኛው ጣቢያ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሱ። ከከተማ ውሃ ይዞ መውጣት አይፈቀድም፤ ውሃ በየጣቢያው ነው፣ በአምባር፣ ለአንድ ሰው አንድ ኩባያ፣ እዚያው ተጠጥቶ። ሶልያና ቀድማ ቀረበች። ጣቢያው በለስላሳ የሴት ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ። ውሃ ይፈልጋሉ?» አላት።

ሶልያና አንገቷን ሰበር አድርጋ «ኧረ ይቅርብኝ እህቴ፣ አሁን ነው ጠጥቼ የወጣሁት» አለች።

«እሺ። መልካም ጉዞ» አለ ጣቢያው፣ መክደኛውም ተዘጋ።

ሶልያና ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ እዚያው ቆማ ቀረች። ወለንጪቲ ውሃ አሁንም በቦቴ ይመጣል፣ የሚያድለውም ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ጣቢያ አይታ አታውቅም። ምን እየጠበቀች እንደቆመች ሜላት አሳምራ ታውቃለች። ይሄ ነገር አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቀው ልትላት አፏን ከፈተች። ግን የልጇ አማት ናት፣ ገና ዛሬ የተገናኙ፤ ውሃ ጠምቶሽ ዋሽተሻል ማለት ይሆንባታል። አሳፈራት። ተራዋ ሲደርስ አዎ ብላ ኩባያዋን ተቀበለችና «ከዚህ አይቀምሱም?» አለቻት። ሶልያና «ኧረ ይጠጡ፣ ይጠጡ» ብላ ፊቷን አዞረች። ሜላትም ጠጣች። አንዴ ብቻ እንደጠየቀች የገባት ኩባያውን ከመለሰች በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁለት የለውም። ድንጋዩ ከእግር ሥር ይከዳል፣ ጉልበት ይጠይቃል፣ ሁለቱም ወሬ አቆሙ። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ሶልያና አንዲት ቋጥኝ ላይ ልታርፍ ስትቀመጥ የጓዟ ማሰሪያ ተበጠሰ። መጀመሪያ የወጣው የአጃና የአብሽ ዱቄቱ ነው። ከሥሩ የሱፍ ካልሲ ወጣ፣ አንድ ሳይሆን ስድስት። የትራስ ልብስ ወጣ። ለአንድ ዓመት የሚበቃ የደም ግፊት ኪኒን፣ በፌስታል። በጨርቅ የተጠቀለለ የባሏ ፎቶ።

ሶልያና እየተጣደፈች ሰበሰበችው። ሜላትም ጎንበስ ብላ አገዘቻት፤ ካልሲዎቹን በየጥንዳቸው አጥፋ ስትሰጣት ነገሩ ገባት። የእሷም ጓዝ ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ኪኒን፣ ትራስ፣ የሞተ ባል ፎቶ። ለአንድ ቀን ጥየቃ ትራስ ይዞ የሚሄድ ማን ነው? ደንቡ አንድ አያት ነው የሚለው። አንዷ ዛሬ ትመለሳለች። የሆዳቸውን በሆዳቸው ይዘው መንገዱን ቀጠሉ፣ ስለ ሕፃኑ ክብደትም አወሩ።

ሁለተኛው ጣቢያ ላይ ሶልያና ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። ድምፁ ውሃ ይፈልጋሉ ሲላት ወደ ሜላት ዞር አለችና፣ በደንብ ባደገ ሰው ወግ፣ «መጀመሪያ ለእትዬ ሜላት ይሁን፣ እኔ እደርሳለሁ» አለች። ጣቢያው እሺ፣ መልካም ጉዞ አላት። አምባሯ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ተለወጠ።

ሜላት ቢጫውን ታውቀዋለች። ሁለት ጊዜ እንቢ ያለ ሰው እርዳታ የማይፈልግ ተብሎ ይመዘገባል፤ እስከ ማግስቱ ንጋት በየጣቢያው ውሃም፣ ጥላም፣ የመጠለያ በርም የለውም። ደንቡ የወጣው ሰዎች ማሽኑ እየደጋገመ ያሰለቸናል ብለው ስለከሰሱ ነው። ማረሚያም አለው፤ ቢጫው ከበራ እስከ ስልሳ እስኪቆጠር ድረስ መዳፍን መክደኛው ላይ አድርጎ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት ይበቃል። ይህን ማንም አያነበውም፣ ከመክደኛው ጀርባ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። ሜላት ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያን መክደኛ ስትወለውል ኖራለች።

እጅዎን እዚህ ያድርጉ። ሦስት ቃል ነው። ሜላት ሦስቱን ቃል ከአፏ ለማውጣት ጠበቀች፣ አልወጡም። ይልቁንስ በልቧ ቁጥር ስትቆጥር ራሷን አገኘችው። አሥር። ይሉኝታ ነው፣ አለች ለራሷ፣ ሴትየዋን ላሳፍራት? ሃያ አምስት። ይሉኝታ አልነበረም። የምድር ቤቱ ጨለማ ታያት፣ የማቀዝቀዣው ድምፅ ሲቆም ተሰማት፣ ሦስቱ ጎረቤቶቿ አንሶላ ለብሰው ታዩዋት። አርባ። ሶልያና ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ፈገግ አለችላት። ሃምሳ ዘጠኝ፣ ስልሳ። ከዚያ ቀረብ ብላ የራሷን ኩባያ ጠጣች፤ በዚህኛው ጊዜ አይቀምሱም ወይ እንኳን አላለችም። በሕይወቷ እንደዚያ ደቂቃ ማንንም ፈርታ አታውቅም፣ የፈራችውም ራሷን ነው።

ደመናው አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ተሰነጠቀ።

መጀመሪያ አንድ የብርሃን ጭረት ሜዳው ላይ ወደቀ። ከዚያ ደመናው ልክ እንደ እርጥብ ወረቀት ተቀዳዶ ሄደ። ሁለቱ አምባሮች አንድ ላይ «ቀኑ ተመልሷል። ወደ ቀጣዩ ጣቢያ ይግቡ። ሃያ ሁለት ደቂቃ አለዎት» አሉ። የሶልያና አምባር ወዲያው ደግሞ ጮኸ፤ በለጡ ናት፣ ሰው ልላክ ወይ እያለች። ሶልያና እያለከለከች «ኧረ አትቸገሩ ልጄ፣ ደርሰናል» አለቻት። በለጡም እሺ አለች።

ሮጡ። ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት ዳገት ላይ ሩጫ የምትለው ነገር ካለ። ድንጋዩ ወዲያው ጋለ፣ በጫማ ሶል በኩል ይለበልባል፣ አየሩ ጉሮሮ ያቃጥላል። ሠላሳ ዘጠኝ አለ አምባሩ፣ ቀጥሎ አርባ አራት። ሶልያና ላቧ ቆመ። ፊቷ ደረቀ፣ እግሯ ይጠላለፍ ጀመር፣ ሜላትን እማዬ ብላ ጠራቻት። ጓዟን የት እንደጣለችው አታውቅም። የመጨረሻውን መቶ እርምጃ ሜላት በብብቷ ይዛት ነው የሄደችው።

ሦስተኛው ጣቢያ ከነፍስ ማዳኛዎቹ አንዱ ነው፤ የብረት በር ያላት አንዲት የሲሚንቶ ክፍል። በሩ ተከፈተ፣ ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ወጣ፣ ድምፁም «ሜላት፣ ይግቡ» አለ። ሶልያና ስትቀርብ ደግሞ በዚያው ለስላሳ ድምፅ «እርዳታ እንደማይፈልጉ ተመዝግቧል። ምርጫዎን እናከብራለን» አላት።

ሶልያና ግራ በገባው ዓይን በሩን አየችው። ከዚያ፣ ሊታመን አይችልም፣ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ይግቡ እርስዎ» አለች። «እኔ እዚች ጥላ ሥር አረፍ እላለሁ።»

ጥላ የሚባል ነገር አልነበረም። ሜላት አንድ እግሯ ውስጥ ነው። በሩ እስከ አሥር ቆጥሮ ይዘጋል። ብትገባ ማታ ትወጣለች፤ ከደጅ ያለውን ነገር ሰዎች መጥተው ያነሱታል፣ ድንጋይም ይከምሩበታል። መዝገቡ ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ተጠይቃ ሁለት ጊዜ እንቢ ብላለች ይላል። ማንም ማንንም አይከስም። ቦታው የሜላት ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አየችው። የሶልያናን ነጠላ በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ታች ሳበቻት፤ ሴትየዋ የበሩ ደፍ ላይ ተዘረረች፣ ራሷና ደረቷ ውስጥ፣ እግሯ ውጭ። በሩ መጥቶ ወገቧን መታና ተመለሰ።

«መግቢያው ላይ እንቅፋት አለ። ይግቡ ወይም ይውጡ» አለ ጣቢያው።

ሙሉ ለሙሉ ልታስገባት አትችልም፤ ያልተፈቀደለት ሰው ውስጥ ካለ ክፍሉ ማቀዝቀዣውን ያጠፋል። ደፉ ላይ ያለ ሰው ግን እንቅፋት ነው፣ እንቅፋትን ደግሞ በሩ አይጨፈልቅም። ይህንንም ያወቀችው ማጣሪያ ስታጥብ ነው። የሶልያናን እግር በጋቢዋ ሸፈነችው፣ የራሷን ጓዝ ፈታ ትራሷን ከሥሯ አደረገችላት። ያንን ትራስ ሶልያና አየችው። ራሷን አሳረፈችበት።

ውሃ በሰዓት አንድ ኩባያ ነው። የመጀመሪያውን ተቀብላ ወደ ሶልያና ከንፈር ስታቀርበው፣ ሴትየዋ ዓይኗን ሳትገልጥ ፊቷን አዞረች። «መጀመሪያ... እርስዎ» አለች።

ሜላት እንባዋ መጣ። «አፈር ስሆን፣ ሶልያና» አለቻት፤ አንቱታው ከአፏ ጠፋ። «አፈር ስሆን ጠጪልኝ።»

ሶልያና አፏን ከፈተች። ከጠዋት ጀምሮ ይህችን ቃል ነበር የምትጠብቀው። ኩባያውን ሙሉ ጠጣችው፣ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም፣ ቀጥሎ የመጡትንም፤ ሜላት ከየኩባያው ሥር የቀረውን ነው የላሰችው። አምስት ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ዋሉ። ውጭው አርባ ዘጠኝ ደረሰ፣ ክፍሉም እየሞቀ እየቀዘቀዘ። አንዴ ብቻ የሚጠይቀው ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ይግቡ ወይም ይውጡ፣ ይግቡ ወይም ይውጡ ሲል፣ ሲለማመጥ ዋለ። መሃል ላይ ሜላት መቋቋም አቅቷት «ቆጥሬብሽ ነበር» አለች። ሶልያና በዝግታ «ምኑን?» ብላ ጠየቀች። ሜላት «ምንም» አለች።

አሥር ሰዓት ላይ ሙቀቱ በረደ። ዘለቀ ከላይ ባለ ጎማ ቃሬዛ እየገፋ መጣ፤ የሰፈሩ በር ቀኑ እስኪለቅ ድረስ ተዘግቶበት ነበር። አቅፎ ሳማት። ቀድሞ ሰው እንዲላክ በለጡ ብትጠይቅም እናቷ አትቸገሩ እንዳሏት ነገራት፣ ያለ ምንም ነቀፋ፣ እንደ ዜና። የውሃ ዕቃውን አወጣና ትጠጫለሽ ወይ አላት። እሷም መጀመሪያ ለሶልያና አለች። እሺ ብሎ ለሶልያና ሰጣት፤ ሶልያናም ያለ ልመና ጠጣች፣ ዕቃውም ባዶ ሆነ። እስከ ላይ ድረስ ሜላት የደረቀ ምላሷን እያላወሰች ከቃሬዛው ኋላ ሄደች።

ሰፈሩ ሲገቡ ፀሐይ ለመጥለቅ ሩብ ሰዓት ቀርቷት ነበር። በለጡ ሕፃኑን ታቅፋ መስታወቱ ሥር ተቀምጣለች። ልጁ ትንሽ ነው፣ ጸጉራም፣ ግንባሩን ቋጥሮ ይተኛል። ሁለቱ አያቶች ሳሙት፣ መረቁት፣ አለቀሱ። ዘለቀ ጠፍጣፋዋን መመዝገቢያ አወጣና ቶሎ ማለት እንዳለባቸው፣ ቦታው ለአንድ ሰው እንደሆነ ነገራቸው። ሶልያና የተኛችበት ቅርብ ስለነበር በለጡ መጀመሪያ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ ከእኛ ጋር ትኖሪያለሽ?»

«ኧረ ልጄ» አለች ሶልያና፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ እየደማ። «ሜላት እያለች? እኔ ቤቴ ይሻለኛል።»

«እሺ» አለች በለጡ። ጣቷ መመዝገቢያው ላይ አረፈ።

ዘለቀ ወደ እናቱ ዞረ። ሜላት ሠላሳ ስምንት ቀን ያጠናችው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። መመዝገቢያው ላይ ትንሽ ቢጫ መብራት በርታ ነበር፤ ስልሳ እስኪቆጠር የሶልያና መልስ ሊታረም ይችላል ማለት ነው። ሜላት ሳትፈልግ መቁጠር ጀመረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሶልያና ትራሱን ደረቷ ላይ ታቅፋ ወደ ግድግዳው ታያለች። አሥራ አንድ። ምድር ቤቱ እንደገና ታያት። አሥራ ዘጠኝ ላይ ሜላት ቁጥሩን አቆመች።

«አዎ ማለቷ ነው» አለች።

በለጡ ቀና አለች። «አይ ነው እኮ ያለችው።»

«አይ ያለችሽ እንድትለምኛት ነው። እንደገና ጠይቂያት። ሦስቴ ጠይቂያት። በሞቴ በያት።»

በለጡ ባሏን አየችው፣ እሱም ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ እናቷ ጎንበስ ብላ፣ ሰምቶት የማያውቀውን አገር ስም እንደሚያነብ ሰው፣ «በሞቴ» አለች። «እማዬ፣ በሞቴ።» ሶልያና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና እሺ አለች። ቢጫው አረንጓዴ ሆነ፣ መዝገቡም ተዘጋ።

ፀሐይ ከጠለቀች እንግዳ ሰፈሩ ውስጥ አይቆይም። ሜላት ሕፃኑን አንዴ ደግማ አሸተተችው፣ ጓዟን አነሳች፣ ቀሎ ነበር። ሶልያና ትራሱን ልትመልስላት ስትዘረጋ አልተቀበለቻትም። ዘለቀ እስከ መስታወቱ በር ሸኛት። ልጇ የሆነ ነገር እያሰበ እንደሆነ ከአካሄዱ ታውቃለች፤ በልጅነቱም እንዲህ ወለሉን እያየ ነበር የሚሄደው።

በሩ ተከፈተና አንድ እርምጃ ወጣች። በዚያችው ቅጽበት ሁለት ድምፆች አንድ ላይ ተናገሯት። አንደኛው የበሩ ነው፦ «ለመውረጃ ውሃ ይፈልጋሉ?» ሁለተኛው ዘለቀ ነው፣ እየተንተባተበ፣ ፊቱ ቀልቶ፦ «እማዬ፣ በሞቴ፣ ውሃ ጠጥተሽ ውረጂ።»

ሜላት የሰማችው አንዱን ብቻ ነው። በሞቴ አላት። ልጇ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሞቴ አላት። አንጀቷ ራሰ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ከሐሳቧ ጠፋ። ደግሞ እንዲላት ፈለገች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ እናቷ ታደርግ እንደነበረው፣ «ኧረ ይቅርብኝ ልጄ፣ ጠጥቻለሁ» አለችው።

«እሺ። መልካም ጉዞ» አለ በሩ፣ በመካከላቸውም ተዘጋ።

መስታወቱ ወፍራም ነው፣ ድምፅ አያሳልፍም። ዘለቀ ከወዲያ ማዶ መዳፉን በሩ ላይ አድርጎ አፉን ሲያንቀሳቅስ ይታያታል። በሞቴ ይላል። ሁለተኛ። ሦስተኛ። በትክክል ነው የሚለው፣ ቶሎ ነው የተማረው። ከኋላው ሶልያና ግድግዳ ይዛ እየመጣች ነበር። ሜላት ከጠዋት ጀምሮ ምን ያህል እንደጠጣች አሰበች፤ ሁለት ኩባያ፣ ያም ሲላስ የዋለው። ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ተጣብቋል። አንድ እንቢታ ተመዝግቦባታል። አንድ ሌላ ቢጨመር ቢጫ ነው።

ሦስተኛው ጣቢያ የአንድ ሰዓት ቁልቁለት ነው፣ ድንጋዩም ገና አልቀዘቀዘም። ከታች፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ የክምሮቹ አረንጓዴ መብራቶች አንድ በአንድ መታየት ጀመሩ። ሜላት ወደ መስታወቱ እጇን አውለበለበች፣ ነጠላዋን አጠበቀችና መውረድ ጀመረች። በየእርምጃዋ፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ አዎ፣ አዎ፣ አዎ እያለች ትለማመድ ነበር።